መለከት ሳይነፋ የማይበላባት አገር

አገሪቱ የት ነበረች ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ከዚህ ብዙም አትርቅም። ዘመኑስ ለሚል ደግሞ፣ ሹም የተናገረው ሁሉ ልክ የነበረበት ዘመን ነው። በዚያች አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ደርበው የሚባል የቤተ መንግሥት መለከት ነፊ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ሙሉ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ገበታ ገንፎ ብቻውን ይንድና፣ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራውን መለከት ተሸክሞ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። አንዴ ሲነፋው ላይ ሰፈር ያሉ ፈረሶች ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ ታች ሰፈር ያሉ ሕፃናት ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። ሥራው ንጉሡ ሲወጡና ሲገቡ ማሳወቅ ነበር። ንጉሡ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ መውጣቱንም መግባቱንም እየተዉት መጡ።

ምክንያቱ ውፍረት ነው። በዚያ ቤተ መንግሥት አቤት ሊል የመጣ ሁሉ ቃሉን ከመናገሩ በፊት ንጉሡን ማጉረስ ነበረበት። ጉርሻ መግፋት ደግሞ ለንጉሥም ቢሆን ነውር ነው። ፍትሕ በጎደለበት አገር አቤት ባይ አይጠፋምና፣ በደል በበዛ ቁጥር ንጉሡ ይወፍራሉ። አንድ ቀን ለአደን ሊወጡ በቅሏቸው ላይ ሲቀመጡ፣ በቅሎዋ ጥቂት አሰበችና ቁጭ አለች። አሽከሮች ተረባርበው አስነሷት። እንደገና ቁጭ አለች። ሹማምንቱ በቅሎዋን በአድመኝነት ለመክሰስ ሲመካከሩ፣ ንጉሡ ከመሬት ላይ ሆነው፣ «ተዉአት፤ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት» አሉ።

በዚያ ሰሞን ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ይታገሱ የሚባል ሰው ነበር። ቀጭን ነው፤ ቀበቶውን ደግሞ ይበልጥ ቀጭን እንዲያስመስለው አድርጎ ያጠብቀዋል። ንጉሡ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ጥፋቱ የምግብ አይደለም፤ የሰዓት ነው» አለ። «ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ አፍዎ ይዘጋ። ከዚያ ይከፈት። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይዘጋ። በተከፈተበት ሰዓት የፈለጉትን ይብሉ።»

አጠገቡ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ካህን፣ «ይሄማ ጾም ነው፤ ድሮም እናውቀዋለን» አሉ።

«አይደለም፣ አባቴ። ጾም ለነፍስ ነው። ይህ ለቀበቶ ነው።»

ንጉሡ ሞከሩት። የጠዋት አቤት ባይ ጉርሻውን እንደያዘ ተመለሰ፤ የማታውም እንዲሁ። ክረምቱ ሳያልቅ የንጉሡ አገጭ ወደ አንድ ተመለሰ። በቅሎዋም ሲቀመጡባት ቁጭ ማለቷን ተወች። ንጉሡ ከደስታቸው ብዛት እንባ ቀረራቸውና፣ «ለእኔ የበጀኝን ነገር ከሕዝቤ አልደብቅም» አሉ። በማግስቱ አዋጅ ወጣ። መለከት ሳይነፋ እህል በአፉ የዞረ ሁሉ የመንግሥት ጠላት ነው። ይታገሱም «ሊቀ ጉሮሮ» ተብሎ ተሾመ። መክፈቻውንና መዝጊያውን የሚነፋው ማን ይሆን? ደርበው ሆነ።

ደርበው እንዲህ ያለ ክብር አይቶ አያውቅም። የአገሩ ሁሉ አፍ በእሱ አፍ የተንጠለጠለ ሆነ። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ሰላም ይለዋል፤ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ዝግ ካለ ከታች፣ «በርታ ወንድሜ! ፈጠን በል!» የሚል ጩኸት ይሰማል። አዋጁም መጀመሪያ ላይ ተስማማው። ሆዱ ጎደል አለ፤ ደረጃ ሲወጣ የሚያቃጥለው ጉልበቱ ተሻለው።

«ብርቄ፣ ቀለለኝ እኮ!» ይላታል ሚስቱን።

«ላንተስ ቀለለህ» ትላለች ብርቄ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ፣ መውለጃዋ እየቀረበ ነበር።

አዋጅ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ ልጆቹን አስከትሎ ነው። ሊቀ ጉሮሮ ይታገሱ «አሽታቾች» የተባሉ ሰዎች ቀጠረ። ጠዋት ጠዋት በየመንታ መንገዱ ቆመው መንገደኛውን፣ «ሀ በል!» ይሉና ትንፋሹን ያሸታሉ። በአደባባይ ማዛጋት ያለ ፈቃድ አፍ መክፈት ነው ተባለ። ከመለከቱ በፊት ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት ሽታውን ከግቢዋ እንዳታስወጣ ታዘዘች፤ እንዴት እንደምታደርገው ግን አልተነገራትም። ያደረ ምግብ በቤት እንዳይገኝ አሽታቾች ማታ ማታ ሌማት ይከፍታሉ፤ የተገኘውን ይወርሳሉ። የተወረሰው የት እንደሚገባ የጠየቀ አልነበረም፤ አሽታቾቹ ግን ፊታቸው ወዝ ነበረው። የንጉሡ የልጅ ልጅ ጠዋት ጡት ጠብቶ ሲገኝ ሸንጎ ተቀመጠ። ሕፃኑ በላ ይባላል ወይስ ጠጣ? ውሃ ተፈቅዷልና ወተትም ውሃ ነው ተብሎ ተወሰነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ላይ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ወተት የሚጠጣ ጎልማሳ በረከተ፤ ላም የሌለው ግን ውሃውን ይጠጣል።

ላይ ሰፈር እንዲያውም መለከቱን ወደደው። ሰዓቱ ሲከፈት ሹማምንቱ የቀረባቸውን ቁርስ፣ የደረሰውን ምሳ፣ የሚመጣውን እራትና የነገውን ስጋት አንድ ላይ ይበሉ ጀመር። በሩ ሊዘጋ ነው እየተባለ የሚበላ ምግብ ልክ የለውም። የግምጃ ቤቱ ሹም ከአዋጁ በፊት ሁለት ሰው ያህል ነበሩ፤ ከአዋጁ በኋላ ሦስት አከሉ። ንጉሡ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ሊቀ ጉሮሮ ይታገሱ፣ «ውፍረት አይደለም፣ ንጉሥ ሆይ። ጤናው ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው» አለ።

ታች ሰፈር ደግሞ ሌላ ነበር። ታች ሰፈር ድሮም በቀን አንዴ ነበር የሚበላው፤ ያውም ሲገኝ። አዋጁ ሲደርሳቸው ምን እንደተለወጠ ግራ ገባቸው። ሊቀ ጉሮሮ ግን ወርዶ ጎበኛቸውና ተደነቀ። «እነሆ አርአያ!» አለ፤ አጥንቷ ለሚቆጠር አንዲት መበለትም በአደባባይ የጤና ሻሽ አሰረላት። ሴትዮዋ ሻሹን ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ ይታጠባል ወይስ ይበላል?» አለችው። ጥያቄዋ በደስታ ብዛት የመጣ ነው ተብሎ ለንጉሡ ተነገረ።

ወደ ደርበው ቤት እንመለስ። ብርቄ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያዞራት ጀመር። እናቷ እማማ ውባየሁ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ሲታገሡ ቆይተው አንድ ቀን አማቻቸውን ያዙት።

«ልጄ ደርበው፣ እኔ በሰው ትዳር አልገባም። ግን ይቺ ልጅ ሁለት ነፍስ ናት። ፀሐይ አናቷ ላይ እስክትወጣ በባዶ ሆድ ስትዞር ያየሁ እንደሆን አንድ ቀን እኔው ነኝ መለከቱን የምነፋው።»

«እማማ፣ ምን ላድርግ? የመለከት ነፊው ቤት ነው እኮ። ከሌላው ይልቅ የሚጠበቀው የኛ ነው።»

«እንግዲያው ሹሙን ጠይቅ።»

ደርበው ሊቀ ጉሮሮ ዘንድ ሄደ። ሊቀ ጉሮሮ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ ስለ ሕዝብ ጤና የሚያስብበት ሰዓት ነበረው፤ ያን ጊዜ ማንም አይገባም። ደርበው በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ረሃብ ይሁን ምን እንጃ፣ የቅቤ ሽታ የሸተተው መሰለው። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

«ሊቀ ጉሮሮ፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ጠዋት ትንሽ ነገር ብትቀምስ…»

«ለማን?»

«ለልጁም ለእሷም።»

ይታገሱ አገጩን ያዘ። «ልጁ አፍ አለው?»

«ይኖረዋል እንጂ፣ ጌታዬ።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«አየህ፣ እኔ የማስተዳድረው የታወቀ አፍ ነው። ለማይታወቅ አፍ ፈቃድ አልሰጥም። ሲወለድና አፉ ሲታይ ተመለስ።» ከዚያ የደርበውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ንገራት፤ ጾም ብርታት ነው። እኔን እየኝ! ከሁላችሁም በላይ አፌን የምዘጋ እኔ ነኝ፤ ግን ደክሜ አውቃለሁ?»

ደርበው ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ «ትንሽ ታገሺ ተብሏል» አላት።

«ማን አለ?» አለች ብርቄ። «አንተ ነህ ወይስ እሱ?»

በማግስቱ ጠዋት ብርቄ ምንጭ ወርዳ ከነእንስራዋ ወደቀች። ሴቶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። እንስራው ተሰብሯል፤ እሷ ግን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቷ መላላጥ በቀር ደኅና ነበረች፤ ልጁም በሆዷ ውስጥ ይራገጥ ነበር። ደርበው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሴቶቹን አያቸው። አንዳቸውም ሰላም አላሉትም። ያን ለታ ሰገነት ላይ ወጥቶ መክፈቻውን ሲነፋ፣ የአገሩን ሁሉ አፍ ከፍቶ የሚስቱን ዘግቶ እንደቆየ ተሰማው፤ መለከቱም በእጁ ከበደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ መንግሥት የሚሰጠውን ምሳ አይበላም። ዳቦውንም ሥጋውንም ጠቅልሎ በመለከቱ ማኅደር ውስጥ ይከትታል። የመንግሥትን መለከት ማኅደር የሚፈትሽ አሽታች የለምና ምግቡ በሰላም ቤት ገብቶ እዚያው ማኅደሩ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ብርቄ ትበላዋለች። ቤት ያለው እህልም ብዙ ስላልነበረ፣ ለራሱ የሚቀረው ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ሆነ። ለትንፋሿ ደግሞ እማማ ውባየሁ መላ አላቸው፤ ጤና አዳም ያስኝኳታል። መድኃኒት በአዋጁ አልተከለከለም።

ይህን መላ ያወቁ እማማ ውባየሁ ብቻ አልነበሩም መሰል፣ ጥቂት ሳይቆይ የአገሩ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸት ጀመር። በየጓሮው የነበረው ተቀንጥሶ አለቀ። አሽታቾቹ ለአለቃቸው ተናገሩ፤ ሊቀ ጉሮሮም ንጉሡ ፊት ቀርቦ፣ «ንጉሥ ሆይ፣ አዋጅዎ ተአምር ሠራ፤ ሕዝቡ በቁሙ ጤና ጤና ይሸታል!» ብሎ ዘገበ።

ንጉሡ ይህን ሲሰሙ «የቀበቶ በዓል» እንዲከበር አዘዙ። የጎረቤት አገር ንግሥትም ተጋበዙ፤ መጥተው የጤናውን መንግሥት ይዩ ተባለ። ሊቀ ጉሮሮ ደግሞ በዓሉ ይበልጥ እንዲያምር በዋዜማው ቀን መለከቱ ጨርሶ እንዳይነፋ፣ አገሩ ሙሉ ቀን አፉን ዘግቶ እንዲውል አስደረገ። ለደርበው ይህ ጭንቅ ነበር። በዋዜማው የቤተ መንግሥት ምሳ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የተሰጠውን ለሁለት ጠዋት ከፍሎ ለብርቄ አስቀመጠላት፤ እሱ ምንም ሳይቀምስ የበዓሉ ቀን ደረሰ።

በሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል። በንጉሡና በንግሥቲቱ ፊት፣ በሹማምንቱ ፊት፣ ወረድ ብሎ ደግሞ በሕዝቡ ፊት መሶብ ተደርድሯል። ዶሮ ወጡ፣ ጥብሱ፣ አይቡ ሽታው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ፣ እጁን አንሥቶ፣ ወደ ደርበው ያያል። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ንጉሡ ምልክት ሰጡ። ደርበው መለከቱን ከአፉ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያለ የሌለ ትንፋሹን ሰብስቦ ነፋ።

«ፍስስስ…» አለ መለከቱ።

ደገመ። ይባስ ብሎ ምንም አልተሰማም። ሜዳው ተሽከረከረበትና ምሰሶ ተደግፎ ቆመ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ንጉሡ።

«ትንፋሽ አጣሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይንፋ!»

ሌላ መለከተኛ ተጠርቶ ሞከረ፤ አልሆነም። የጦር አዛዡ ተነሥተው፣ ጢማቸውን አስተካክለው፣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ነፉ። ድምፅ ወጣ፤ ግን ከመለከቱ አልነበረም። ንግሥቲቱ ወደ ተራራው ማየት ጀመሩ።

የሕግ ዐዋቂዎቹ ተሰበሰቡ።

«ቀላል ነው፤ መለከተኛው ይብላና ይንፋ» አለ አንዱ።

«ሳይነፋ ከበላማ ሕግ ጣሰ።»

«እንግዲያው ሳይበላ ይንፋ።»

«ሳይበላ አልነፋም አለ እኮ!»

«ያኝክ፤ ግን አይዋጥ።»

«ማኘክ የመብላት ወንድም ነው፤ አይቻልም።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጠብቅና አዲስ ቀን ይጀመር።»

«መጀመሪያ የዛሬው መዝጊያ መነፋት አለበት። በማን ትንፋሽ? ደግሞስ ያልተከፈተ ነገር እንዴት ይዘጋል?»

በዚህ ላይ ተጨቃጨቁ። ወጡ ላይ ቅቤው ረጋ። ዝንቦች ብቻ፣ አዋጁ ስላልደረሳቸው፣ መብላት ጀመሩ። ሕፃናት አለቀሱ። ከሹማምንቱ አንዱ ዓይኑ እያየ ምራቁን ዋጠና አሽታች መጥቶ ጉሮሮውን መረመረው።

ደርበው ከምሰሶው ሥር ሆኖ ወደ ሕዝቡ ሲያይ፣ ብርቄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከተቀመጠችበት ለመነሣት ስትሞክር አያት። ዓይኗን አይቶ ያሰበችውን አወቀ። እሱ እስከሚያውቀው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያን ጠዋት እህል የቀመሰች እሷ ብቻ ነበረች። ብትነፋ መለከቱ ይሰማል፤ መለከቱ ከተሰማ ደግሞ አሽታቾች ይይዟታል። ሳያስበው ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ንጉሥ ሆይ!» አለ።

ሁሉም ዞረ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኛ ደካሞች ነን። ከሁላችን አብልጠው የሚታገሡ ሊቀ ጉሮሮ ናቸው። ጾም ብርታት ነው ብለው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ብርታቱ ካለ እሳቸው ዘንድ ነውና መለከቱን እሳቸው ይንፉት።»

«እውነቱን ነው!» አሉ ንጉሡ። «ይታገሱ፣ ተነሥ!»

ይታገሱ አንዴ ወደ መለከቱ፣ አንዴ ወደ ንጉሡ አየ። እምቢ ቢል ትምህርቱ ከንቱ ሊሆን ነው። ደግሞ ንግሥቲቱ እያዩ ሕዝብ በፊቱ ሲጠብቅ፣ እምቢ ማለት የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። ቀበቶውን ትንሽ አላላና መለከቱን ተቀበለ።

ነፋው። ምን ነፋው ብቻ፤ አናጋው! ፈረሶች ጆሯቸውን አቆሙ፤ ከድንኳኑ ጣሪያ እርግቦች ተነሡ፤ ከማዶው ተራራ ገደሉ መልሶ ነፋ። ሕዝቡ ግን ወደ መሶቡ አልተወረወረም። ሁሉም እጁን እንዳነሣ ቀርቶ ይታገሱን ያየዋል።

«አያችሁ!» አለ ይታገሱ። «አያችሁ የጾምን ብርታት!»

ንግሥቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ድንቅ ነው። እነዚህ አሽታቾች የምትሏቸውስ ሥራቸው ምን ነበር?»

ንጉሡ ነገሩ ገባቸው። የአሽታቾችን አለቃ ጠሩ፤ በሥራው ቀልድ የማያውቅ ሰው ነበር። ይታገሱ የበላይ ሹሙ ቢሆንም ፊቱ ቆሞ፣ «ሀ ይበሉ» አለ።

«ሀ» አለ ይታገሱ፣ በጣም በቀስታ።

«በደንብ ይበሉ።»

«ሀ!»

የአሽታቾቹ አለቃ ዓይኑን ጨፈነ። ቆየት ብሎም እንባ ያቀረረ ዓይኑን ገለጠ።

«ገንፎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን ዓይነት?» አሉ ንጉሡ፤ ረሃቡ ነው ያናገራቸው።

«የገብስ። ቅቤው ለጋ ነው። በርበሬው ግን ትንሽ በዝቶበታል።»

ሜዳው አጉረመረመ። ይታገሱ ግንባሩን ጠረገ። «ስለ ሕዝብ ጤና ማሰብ በባዶ ሆድ የሚሆን አይደለም» አለ መጀመሪያ። ያ እንዳላዋጣው ሲያይ ጣቱን ወደ ሕዝቡ ቀሰረ። «እኔ ብቻ ነኝ? የመለከተኛው ሚስት ያቻት! ጠዋት ጠዋት እንደምትበላ አሽታቾች ነግረውኛል፤ ለበዓሉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት!»

ሁለት ወታደሮች ወደ ብርቄ ተንቀሳቀሱ። ደርበው ከየት እንዳመጣው በማያውቀው ጉልበት ሮጦ ፊታቸው ቆመ።

«አዎ፣ በልታለች» አለ። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። ምሳዬን እየሰረቅሁ ነው የሰጠኋት። በመጀመሪያ ታገሺ ብያት ምንጭ ላይ ወደቀች። ሚስቴን አንዴ ከዳኋት፤ ሁለተኛ አልከዳትም። የሚታሰር ካለ እነሆኝ።»

ብርቄ ከኋላው፣ «ባዶ ሆዱን ነው የምታስሩት» አለች። «ከበላ ሰንብቷል። ብታስሩትም መጀመሪያ አብሉት።»

«እኔ እኮ ተሽሎኛል!» አሉ ንጉሡ ወደ ንግሥቲቱ ዞረው፣ እንደ ተበደለ ሰው። «ቀልሎኛል። በቅሎዬ ምስክር ናት።»

«አልዋሹም» አሉ ንግሥቲቱ። «ድሮ በቀን ስንት ጊዜ ይበሉ ነበር?»

«አቤት ባይ በመጣ ቁጥር።»

«አሁንስ?»

«ሁለቴ።»

«ታዲያ ያቀለለዎ ሰዓቱ ነው ወይስ የቀረልዎ ጉርሻ?»

ንጉሡ አሰቡ። የቀረውን ጉርሻ በጣታቸው ሊቆጥሩ ሞክረው ጣት አነሳቸው።

«በእኔም አገር እንዲህ የሚያደርጉ አሉ» አሉ ንግሥቲቱ። «አንዳንዱ ይስማማዋል፤ አምሽቶ መብላቱንና መቀማመሱን ስለሚያስተወው ይቀልለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ሲከፈት የተራበበትን ከነወለዱ ስለሚበላ ይብሱን ይወፍራል። የግምጃ ቤቱን ሹም አይቻቸዋለሁ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ በሽተኛ ግን ሐኪም ሳይጠይቅ አይነካውም። ሆድ እንደ መልክ ነው፤ የሁሉም የራሱ ነው። በአዋጅ አንድ መልክ ይኑራችሁ አይባልም።»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተሻላቸው ሰው ነበሩ እንጂ። «አዋጁ ተሽሯል» አሉ። «እኔ በሰዓቴ እበላለሁ፤ ስለ ተስማማኝ። ሌላው በወደደው ሰዓት ይብላ። ይታገሱ ሹመቱ ይቅርበት፤ ገንፎውን ግን አትከልክሉት።» ወታደሮቹም ከደርበው ፊት ዘወር አሉ። ሕዝቡ እልል አለ።

እልልታው ሲበርድ ከታች ሰፈር ሰዎች መካከል አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ኩታውን አስተካከለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። አፋችን ተከፈተ። ዛሬስ በዓል ነው። ከነገ ጀምሮ ምን እናግባበት?»

ንጉሡ ከልማድ ወደ ሕግ ዐዋቂዎቹ ዞሩ። ሕግ ዐዋቂዎቹ ጫማቸውን አዩ።

«ለዚህ… አዋጅ የለኝም» አሉ ንጉሡ።

«የጠየቀዎ አዋጅ አይደለም» አሉ ንግሥቲቱ በዝግታ።

ንጉሡ የመንግሥቱን ጎተራ ቁልፍ ከጎተራ ሹሙ ወገብ ላይ በገዛ እጃቸው ፈትተው፣ ወርደው ለጎልማሳው ሰጡት። ሹሙ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ጎልማሳው ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለና፣ በታች ሰፈር ወግ ቆሞ የሚበላም ቆሞ የሚያይም የለምና፣ «እንግዲያው ይቀመጡ፤ እንብላ» አላቸው። ንጉሡ ከታች ሰፈር መሶብ ዙሪያ ቁጭ አሉ። የቀረበላቸውን ጉርሻ ሁለቱን በልተው፣ ሦስተኛውን፣ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መለሱት፤ ነውር ነው ያለም አልነበረም።

ደርበው ሚስቱ ጎን ተቀምጦ በላ። እማማ ውባየሁ፣ «ቀስ እያልክ፤ የተራበ ሆድ አይደፈርም» እያሉ ያጎርሱታል። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል፣ ነገሩ ሁሉ ገና ያልገባቸው አንድ ሽማግሌ ሹም መለከቱን ታቅፈው እያዘገሙ መጡ።

«መለከተኛው፣ የመዝጊያው ሰዓት ደርሷል።»

ደርበው ጉንጩ ሙሉ ነበር። አኘከ፤ ሳይቸኩል ዋጠ።

«እርስዎ ይንፉት፣ አባቴ» አለ። «እኔ እየበላሁ ነው።»

የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ የራበው ግን በልቶ ይስማ።